ቢረሌ ነው ያልሁት

ዓርብ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1976

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ጠረግሁ፣ መደርደሪያ ወለወልሁ፣ ተማሪዎች በየጠረጴዛው የተዉትን መጽሐፍ ወደየቦታው መለስሁ። አንዱን ሳልመልስ ሁለት ገጽ አነበብሁ... ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ኃላፊው "እናትዓለም፣ የምትጠርጊው አቧራውን ነው ፊደሉን?" ይለኛል። ይሳቅ። ክፉ ሰው አይደለም።

ስኳር መጥቷል ተብሎ ቀበሌ ሱቅ ተሰለፍሁ። ሳይደርሰኝ አለቀ። ጉልበቴ ያመኛል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ገና እርጥብ ነው።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እትዬ ፀሐይወርቅ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

"እናትዬ፣ የፈረንጅ ፊደል ትለዪ የለ? እስቲ ይችን እይልኝ።"

የሚያብረቀርቅ የማስታወቂያ መጽሔት። ሬዲዮ ጠጋኙ አንዳርጋቸው ነው የሰጣቸው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ መምህር የሸጠለት የጃፓን ቴፕ አለው፤ ከሁለት ትልልቅ ስፒከር ጋራ። መጽሔቱ የዚያ ነው።

"ምን ያደርግልዎታል?" አልኋቸው።

"የልጄን የቢያዝንን ካሴት ያጠራዋል አለኝ።"

አነበዋለሁ ብዬ ይዤው ገባሁ። ባልቀበላቸው ይሻል ነበር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

በምሳ ሰዓት የኮሌጁን ትልቁን መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥሁ። ከመጽሔቱ ግማሹ አይገባኝም። የገባኝ ሁሉ ውዳሴ ነው። ከብረት የቀለለ፣ ከብረት የጠነከረ ይላል። ለድምፅ ሕይወት የሚዘራ ይላል። ያልተሰማውን ይሰማሉ ይላል። ያልተሰማ እንዴት ይሰማል? ያልተቀዳስ?

ስንቱን አየሁ። መጀመሪያ ትራንዚስተር ካልሆነ ሬዲዮ አይባልም ተባለ። ሰው ደኅና ሬዲዮውን እየጣለ ትራንዚስተር ገዛ። ቀጥሎ ካሴቱ ክሮም የሚሉት ዓይነት ካልሆነ ተባለ። አንዳርጋቸው ክሮም የሚል የተጻፈበትን ለይቶ መስታወት ውስጥ ቆለፈበት፤ የገለበጠበት ግን ያንኑ የድሮ ሸክላ ነው፣ ከነጭረቱ። ጭረቱ ክሮም ሆነ። አሁን ደግሞ ይኼ።

ባሌ አካሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጀልባ መሥሪያ ቤቱ የመገናኛ ሬዲዮ ላይ ነበር የሚሠራው። ዕድሜውን ሙሉ የሩቅ ሰው ድምፅ ሲያዳምጥ ኖሮ ሞተ። "ጠላው ከሆመጠጠ ዋንጫ ቢቀይሩ ምን ይረባል?" ይል ነበር አዲስ ዕቃ ሲያሳዩት። ባል ሲሞት ንግግሩ ይበዛል መሰለኝ። በሕይወት ሳለ ይህን ያህል አይናገርም ነበር።

በየገጹ የሚመላለስ አንድ ቃል አለ። ቤሪሊየም። መዝገበ ቃላቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እዚያው አጠገቡ ግን ቤሪል የሚል አለ፤ ትርጉሙ ቢረሌ፣ የከበረ ድንጋይ። ሳገኘው ደስ አለኝ። ቃል ሳገኝ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፣ ምንም ሳያበላኝ። ስመለስ በአጥሩ በኩል "ከቢረሌ የተሠራ ነው ይላል እትዬ" አልኋቸው፤ መጽሔቱን መልሼላቸው ገባሁ።

ፊታቸውን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

እትዬ ፀሐይወርቅ የልጃቸውን ካሴት ሲያጫውቱ አመሹ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። አጥሩ ስስ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 3

እትዬ ፀሐይወርቅ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው በርቷል። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ጠይቀዋቸው ኖሯል።

"ቢረሌ ምንድን ነው ብላቸው ምን አሉኝ? የሰማይዋ ከተማ መሠረት ነው። ከአሥራ ሁለቱ ዕንቁ ስምንተኛው። ሰማሽ? ያንቺ ንባብና የመሪጌታ ንባብ ገጠመ!"

መሪጌታ ስለ ስፒከር እንደተጠየቁ በምን ይወቁ? የተጠየቁትን መለሱ።

"እሱ ሌላ ነው እትዬ" አልሁ። "ይኼ ብረት ነው። ከዚያ ድንጋይ ቢወጣ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም።"

"ታዲያ ከዚያ ከወጣ ምን ቀረው!"

አንዳርጋቸውም ሲሰማ ስቋል አሉ። "ብርሌ ካሉትማ እማማ፣ ጠጅ እንቅዳበት" ብሏቸው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ሲሉ እንጂ ሲናገር ማን ሰምቷል... እሳቸው ግን አልሳቁም። የስፌት መኪናቸውን ሊሰጡት ነው። በቴፑና በስፒከሩ ልዋጭ። በዚያች መኪና ነው የሚበሉት፤ የሠፈሩን ተማሪ ሁሉ ደንብ ልብስ የሚሰፉ እሳቸው ናቸው።

"ምን ይበላሉ?" አልኋቸው።

"ዓይኔም ደክሟል። ስፌቱ ይቅርብኝ። ያችን አንዲት ቃል ልስማት እንጂ።"

ያችን አንዲት ቃል።

እዚህ ልጻፈው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በወረቀት አስፍሬው አላውቅም።

መጋቢት 9 ቀን 1970፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ። ልጃቸው ቢያዝን መጣ። አስተማሪ ነበር፣ ሃያ አራት ዓመቱ። በቀበሌ ስሙ ተነሥቷል፣ ይፈለጋል ይባል ነበር። በማግሥቱ ማለዳ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ሊሻገር ነው። ለእናቱ ደብዳቤ እንዳይጽፍ ያኔ ፊደል አልቆጠሩም፤ ለሌላ ሰው ማስነበብ ደግሞ ያስፈራል። "የጋሼ አካሉን ቴፕ አውጪልኝ፣ በድምፄ መልእክት ልተውላት" አለኝ። አካሉ ሞቶ ቴፑ ተቀምጦ ነበር፤ አወጣሁለት። ሲያወራ እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። እማዬ አታስቢ አለ። ስለ ዶሮዋ ሳይቀር አወራላት። ደህና ሁኚ አለ። ከዚያ ቴፑን ሳያጠፋ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረና...

"እትዬ እናት፣ ለዛሬ ልደር?"

እኔም አልሁ፦ "አይሆንም ልጄ። ሰው ያያል።"

የካሴቱ ጎማ ሲዞር ያየሁት ይኼኔ ነው። ሄጄ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጀልባዋ ላይ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ካሴቱን ለእናቱ ስሰጥ "ሰው በር ላይ ትቶት ሄደ" አልሁ። ቴፑን በዚያው ወር ሸጥሁት። መጨረሻዋን ለምን አላጠፋኋትም? እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር... አይ፣ ዐውቃለሁ። አካሉ አሳይቶኛል። የልጁን ድምፅ በእጄ ማጥፋት ነው የፈራሁት።

ያችን መጨረሻ እትዬ ፀሐይወርቅ ስድስት ዓመት ጆሯቸውን ደግነውባታል። ከቴፑ ርቆ ስለተናገረ አይለይም። "ዳር ይላል" ይሉኛል። "ባሕር ዳር እመለሳለሁ ነው የሚለኝ። አንድ አገር አለ ማለት ነው። ሱዳን ይሆን?" ልደር ነው እንጂ ዳር አይደለም። እየሰማሁ ዝም።

አሁን የሚያደክመኝ ይኼ ነው። ያ ስፒከር ምንም አያጠራም የምለው አውቄ ነው? ወይስ እንዳያጠራ ስለምፈልግ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ከሥራ ስወጣ አንዳርጋቸው ሱቅ ገባሁ።

"እትዬ እናት! ምን እግር ጣለዎት?"

"ያን ስፒከር አሳየኝ።"

ፊት ለፊቱ ያለውን ጨርቅ አነሣልኝ። ከታች አንድ ሰፊ እንደ ሰሐን፣ ከላይ አንዲት ትንሽ እንደ ጠርሙስ ክዳን።

"የታለ ቢረሌው?"

"ቤሪሊየም ይበሉ። እችትና።" ትንሿን አሳየኝ። እጄን ስዘረጋ ዘሎ ያዘኝ። "ኧረ እንዳይነኩ! በጣት ከተነካች አለቀላት።"

"ከብረት ትጠነክራለች ይላል መጽሔቱ።"

"ትጠነክራለች። ግን አትነካም።"

"እሺ። ምንድን ነው የምታወጣው?"

"ቀጭኑን ድምፅ። ጸናጽል በሉት፣ ፉጨት በሉት..."

"ወንድ ልጅ ሲናገርስ?"

"እሱ ከታች ነው። ከትልቁ።"

"ትልቁ ከምንድን ነው የተሠራው?"

አንገቱን አከከ። "እሱማ... ወረቀት ነው።"

"ወረቀት?"

"ደኅና ወረቀት ነው እኮ! የጃፓን ወረቀት!"

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ? እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቄ አለቀና "ታዲያ ለእትዬ ፀሐይወርቅ ያጠራልዎታል ለምን አልሃቸው?" አልሁት።

"እኔ ምን አልሁ? መጽሔቱ ነው ያለው። ያነበቡላቸውም እርስዎ ነዎት። ቢረሌ ያሏቸውም እርስዎ።"

ጨርቁን ወደ ቦታው መለሰው።

"ደግሞ እትዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኚያ እናት ደጄ ሲመላለሱ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። ካሴቱን ጥረግልኝ፣ የቴፑን ሄድ ቀይርልኝ፣ ጎማውን ቀይርልኝ። ምንም አይረባም ብያቸው አውቃለሁ፣ መቼ ሰሙኝ? ቅዳሜ መጥተው ይስሙት። ካልጣማቸው ይተዉታል።"

አጭበርባሪ ብዬ ልጠላው ነበር የሄድሁት። አልሆነልኝም። መጽሔቱን የሚያምነው እሱም ጭምር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ስለ ወረቀቱ ነገርኋቸው። "ፊደሉስ ያለው ወረቀት ላይ አይደለም?" አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት ባለፈው ዓመት ነው። ምን ይባላል እንግዲህ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

አብረሽኝ ሂጂ አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ? የበዓል ነጠላቸውን ለብሰዋል። ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ጡታቸው ሥር ይዘውታል። በመንገድ ሁሉ ሰው ሰላም ሲላቸው "ልጄን ልሰማ ነው" ይሉታል። ሰው ቆም ብሎ ያያቸዋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል።

አንዳርጋቸው ሱቁን ጠርጎ ሁለት ዱካ አስቀምጧል። መጀመሪያ የራሱን ካሴት ከተተ፤ መሰንቆ። እውነቱን ልጻፍ። ያምራል። ጭራው ክሩን ሲፍቀው ይሰማል። ለካ እንዲህም አለ አልሁ በልቤ... እትዬ ፀሐይወርቅ ዞረው "አየሽ?" አሉኝ። አየሁ።

ከዚያ ያንን ከተተ።

መጀመሪያ የመጣው ሽ... የሚለው የካሴቱ ጩኸት ነው። በቤታቸው ቴፕ እንደ ሩቅ ዝናብ ነበር፤ እዚህ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ሆነ። ያችን ቀጭን ነገር ነው ስፒከሩ አጥርቶ ያመጣው። የልጁ ድምፅ ከዚያ ሥር ነው። ያው ነው። አልራቀም፣ አልቀረበም። "እማዬ አታስቢ።" ወረቀቱ ነው የሚናገረው አልሁ። ጉልበቴን ጨብጬ ይዣለሁ።

መጨረሻው ደረሰ። ወንበሩ ተንቋቋ። አንድ ጉርምርምታ... "ደር"። ከድሮው ምንም አልጠራም። አበቃ፣ ዳንሁ አልሁ። እንዲህ ነው ያልሁት፣ ዳንሁ።

ከዚያ ከጩኸቱ መሐል አንዲት "ስ"። እንደ መርፌ ቀጭን። ከዚህ በፊት ተሰምታ አታውቅም። ሰው ያያል ያልሁባት "ሰ" ናት። ከቃሌ ሁሉ እሷን ብቻ ለይቶ አወጣት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ብድግ አሉ። "መልሰው! አንዳርጋቸው መልሰው!"

አምስት ጊዜ መለሰው።

"ሴት ናት። አጠገቡ ሴት አለች። ሰማሽ እናትዬ?"

"አልሰማሁም።"

"እንዴት አትሰሚም? የሴት ትንፋሽ ነው እኮ! ሚስት አለችው። ልጄ ሚስት አግብቷል!"

አንዳርጋቸው መሬት መሬት አየ። "እማማ፣ የካሴቱ ጩኸትም ሊሆን ይችላል። አርጅቷል እኮ።"

"አይደለም። ስድስት ዓመት ተደብቃ ዛሬ ቢረሌው አወጣት። ሰኞ ጋሪ ይዘህ ና፣ መኪናዋን ውሰድ።"

ስንመለስ ስለ ልጅ ልጃቸው ሲያወሩ መጡ። አምስት ዓመት ይሆነዋል አሉ። ሴት ከሆነች ፅጌ ማርያም ትባል አሉ። አሁን ሱዳን ውስጥ ዓረብኛ ነው የሚናገረው፣ እንዴት ነው የማነጋግረው አሉና ሳቁ። እኔ እጃቸውን ይዤ አብሬ ሄድሁ። አዎ አዎ አልሁም ይሆናል። አላስታውስም።

የፈራሁት እውነቱን እንዳያወጣው ነበር። እውነቱንስ አላወጣውም። ሌላ ነገር ሠርቶ ሰጣቸው። ዝም ካልሁ ማን ያውቃል? ማንም። ሰኞ መኪናዋ ትሄዳለች፤ እሳቸው እየተራቡ ከአንዲት "ስ" ጋራ ይኖራሉ። ከእኔዋ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ነገርኋቸው።

መኪናዋን ዘይት ሲቀቡ አገኘኋቸው። ንጹሕ ሆና ትሂድለት ብለው። ተቀመጪ ቢሉኝ አልተቀመጥሁም።

"እትዬ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ።"

"የቷ ሴት?"

"ካሴቱ ላይ ያለችው። የቀዳው እኔ ቤት ነው። በአካሉ ቴፕ።"

ጨርቁን ከእጃቸው አላኖሩም። "ሰው በር ላይ ትቶት ሄደ ብለሽኝ የለ?"

"ዋሸሁ።"

"የመጨረሻዋስ ቃል?"

"ዳር አይደለም እትዬ። ልደር ነው። ለዛሬ ልደር አለኝ።"

"አንቺስ?"

"አይሆንም አልሁት። ሰው ያያል አልሁት።"

"ሰው..." አሉ ቀስ ብለው። ቃሏን በአፋቸው አገላበጧት። "ሰ... ያቺ ናት?"

"ያቺ ናት።"

ዘይቱ ከጨርቁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ጉልበታቸውን አራሰው። አላዩትም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር የሄድሁት። ሲደርስ ግን ይቅር በሉኝ ማለትም ነውር መሰለኝ፤ ደግሞ ሌላ ነገር እንደመለመን። ቆምሁ።

"ትናንት ስለ ሚስቱ ሳወራ ነበርሽ" አሉ።

"ነበርሁ።"

"ስለ ልጅ ልጄ ሳወራ።"

"ነበርሁ እትዬ።"

"እጄን ይዘሽ።"

"አዎ።"

"ሂጂ።"

ሄድሁ። የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል ይላሉ። ምንም አልቀለለኝ። ደከመኝ ብቻ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

አንዳርጋቸው ኮሌጁ በር ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ ምን ብለው ነገሯቸው? ጋሪ ተከራይቼ ብሄድ መኪናዋ ላይ ተቀምጠው ሲሰፉ አገኘኋቸው። እማማ ብል ቀና አላሉም። 'ስፌት ላይ ነኝ' አሉኝ፣ አለቀ።"

"ተውልኝ አንዳርጋቸው።"

"ስለ ወረቀቱ ነው የነገሯቸው?"

"አዎ" አልሁት። "ስለ ወረቀቱ ነው።"

ትንሽ ቆሞ አየኝ። "እኔስ ብሆን..." ብሎ ተወው። ስፒከሩን ለአንድ ጠጅ ቤት ሊሰጠው ነው። ቢረሌ ብለው ስም ያወጡለታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ሁሉ ጭስ ነው፤ ሐይቁ እንኳ አይታይም። በየዓመቱ የሁለታችንን ግቢ ጥራጊ አጥሩ ሥር አንድ ላይ ከምረን ነበር የምናቃጥለው። ዘንድሮ እትዬ ፀሐይወርቅ ጥራጊያቸውን በማዶ፣ በመንገዱ በኩል አቃጠሉ። እኔም የራሴን ለብቻዬ። ትንሽ ነበር። ቶሎ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ውኃ ስንቀዳ ተገናኘን። ጀርባቸውን ሰጡኝ። የሠፈር ሰው አየ። ጾሙም ገብቷል፣ ከሰው አይጣሉበትም ነበር... እሳቸው ግን ምን በደሉ? ጥሉ የእኔ ነው።

መጽሐፍ ሳነብ መስመሩ ይጠፋብኛል። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ልብስ ሳሰጣ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው መጣ። ስሜን አልጠሩም።

"በልቶ ነበር?"

ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። "በልቷል እትዬ። ሽሮ ነበረኝ። እንጀራ ጨመርሁለት።"

"ጨረሰው?"

"ጨረሰው።"

የስፌት መኪናዋ ተነሣች።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

"ምን ለብሶ ነበር?" አሉ። ያው ከአጥሩ ማዶ።

ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተጠገነ። "እኔ ነኝ የጠገንሁት" አሉ። ሌላ አልጠየቁም። አረንጓዴ ክር ነበር ብላቸው ይበልጥ ያምኑኝ ነበር። ወይስ ይበልጥ ያማቸው ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

"ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ካሴቱ ላይ አይንቀጠቀጥም።"

ይኼን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። አይ እትዬ፣ ጎበዝ ነበር ብል ምን ይጎዳል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባማረ ነገር ሲታለሉ አንዴ አይቻቸዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ብድግ ብለው።

"ለእርስዎ ሲያወራ አልተንቀጠቀጠም" አልሁ። "ለእኔ ሲያወራ ተንቀጥቅጧል። ፈርቶ ነበር።"

"እ" አሉ። እንዲህ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 28

ዛሬ አልጠየቁም። ስጠብቅ አመሸሁ። መጠየቃቸውን እንዲህ የምጠብቀው ለምንድን ነው? አላውቅም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 1

ከቅዳሴ መልስ በግቢዬ በር ገቡ። በአጥሩ አይደለም። ቤት ግቡ አላልሁም፣ እንደማይገቡ ዐውቃለሁ። ቆመው ጠየቁኝ።

"ካንቺ ሲወጣ ወደየት ዞረ?"

ይኼን ለማንም አልተናገርሁም። እዚህም አልጻፍሁትም፤ ሁሉን የጻፍሁ መስሎኝ ሳለ። በመስኮት አይቼዋለሁ። ብዋሽ አያውቁም። ወደ ሐይቁ ብል ይበቃቸው ነበር።

"ወደ እርስዎ ቤት" አልሁ።

ዓይናቸውን ከዓይኔ አላነሡም።

"ፈላጊዎቹ እዚያ እንደሚመጡበት እያወቀ ሄደ እትዬ። በርዎን አንኳኳ። ሁለት ጊዜ። ተቆልፎ ነበር። ግንባሩን በሩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሐይቁ የወረደው። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርሁ። አልጠራሁትም። የሉም ለማለት እንኳ አልወጣሁም።"

"ቅዳሜ ነበር" አሉ።

"ቅዳሜ ነበር።"

"ገበያ ነበርሁ። ክር አልቆብኝ።"

ምን ይባላል? የእርስዎ ጥፋት አይደለም ማለት ለእኔ አፍ አይገባም። ልይዛቸው ተጠጋሁ፤ እጃቸውን አነሡ፣ አትንኪኝ ነው። በራሳቸው ሄደው ልብስ የማጥብበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከዚያ ራቅ ብዬ መሬት ተቀመጥሁ።

አላለቀሱም። አንድ ጊዜ ብቻ "ሁለት ጊዜ ነው ያንኳኳው?" አሉ። "ሁለት ጊዜ" አልሁ።

ፀሐይዋ ከበሩ ተነሥታ አጥሩን እስክትይዝ ተቀመጥን። ከዚያ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ፦

"ነገ አልመጣም። የሰባት ልጅ ደንብ ልብስ አለብኝ።"